ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ውሃ የሚቀዳ ሰው ከብት ከሚረግጠው ቦታ አይቀዳም። ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ ይወጣል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ የገጠር ኑሮ ነው። ጠብም ከመነሻው ካልተያዘ እየደፈረሰ ይኖራል ማለቱ ነው።

አባባሉ በሽምግልና ላይ ይዘወተራል። ወሎ ውስጥ ሽምግልና ሲባል ደግሞ አበጋሮች አሉ። የማስታረቅ ኃላፊነቱን ከአባቶቻቸው የወረሱ ናቸው። ደም የተቃቡ ሰዎች ሳይቀሩ ፊታቸው ይቀርባሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። ጉባኤው በዱአ ይከፈታል፤ ከዚያ ባለጉዳዮቹ ተራ በተራ ይናገራሉ። «ማን ቀድሞ መታ?» ብቻ ተብሎ አይታለፍም። «ከዚያ በፊትስ በመካከላችሁ ምን ነበር?» ይባላል። እኔ ለየመሥሪያ ቤቱ የምመኘው ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ ነው።

ኮምቦልቻን እናስብ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች የፋብሪካን ሥራ አይተዋል። በልብስ ስፌት ልጆቹ በመስመር ይቀመጣሉ። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ቀጣይዋ እጅጌ ትገጥማለች። የኮሌታዋ ማሽን ክር እየበጠሰ ካስቸገረ ሥራው እዚያው ይቆለላል። የእጅጌዋ ልጅ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። ሱፐርቫይዘሩ ግን «ታርጌት አልሞላሽም» ብሎ የሚቆጣው እሷን ነው። እሷም ዞራ «የምታስቆጪኝ አንቺ ነሽ!» ትላለች። ስድብ ይከተላል። ከዚያ አንዷ ወደ ሌላ መስመር ትዛወራለች፣ ነገሩም አበቃ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ በእሷ ቦታ የገባችውም በዚያው ማሽን ሰበብ ትጣላለች። ሥሩ የልጆቹ ጠባይ አልነበረማ! መካኒክ ቶሎ ቢጠራ፣ ማሽኑ የቆመበት ሰዓት ከታርጌቱ ቢቀነስ ጠቡ ባልተነሳ ነበር።

የሥራ ጭንቀትን ያጠኑ ሰዎችም እዚሁ ይደርሳሉ። ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሐሳብ፣ ሰውን ክፉኛ የሚያስጨንቀው የሥራ ብዛት ብቻውን አይደለም። ሥራው በዝቶ፣ እንዴት ልሥራው ብሎ የመወሰን ዕድል ሲጠፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ጭንቀት ተሟጦ መዛልን ከሥራ ቦታ የሚመጣ ክስተት እንጂ በሽታ አላለውም። እንዲህ የዛለ ሰው ጉልበቱ ያልቃል፣ ሥራው ያስጠላዋል፣ ውጤቱም ይወርዳል።

ወሎ ላይ ሰው ሲጨነቅ «አብሽር» ይባላል፤ አይዞህ ማለት ነው። ይህን ቃል እወደዋለሁ። ሰው ብቻዬን ነኝ እንዳይል ያደርጋል። አለቃ ግን «አብሽሪ» ብሎ ብቻ አይለፍ። ቁጭ ብሎ «ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ሲሆን ይብስብሻል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ትርፍ ሰዓት ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ገደብ አስቀምጧል፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

አንድ ነገር ግን ይለይ። ሥሩ ሲፈለግ ወሲባዊ ትንኮሳ ሆኖ ከተገኘ «በቃ ታረቁ» አይሠራም። አዋጁ የከለከለው ድርጊት ነው። ተበዳይዋን ከበደላት ሰው ጋር ቡና አጠጥቶ ወደዚያው ክፍል መመለስ ሽምግልና አይባልም። መጀመሪያ ከሰውየው ሥልጣን ሥር ትውጣ፤ ቅሬታዋም በጽሑፍ ይያዝ።