ብሪታንያ ውስጥ 40 በመቶ ግብር የሚከፍል ተቀጣሪና የሥራ ወጪ

ብሪታንያ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ለሥራው ሲል ከኪሱ ያወጣውን ገንዘብ አሠሪው ካልተካለት፣ በዚያ ገንዘብ ላይ የከፈለውን ግብር ማስመለስ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚመለሰው ወጪው ሳይሆን ግብሩ ነው። 100 ፓውንድ ያወጣ የ20 በመቶ ከፋይ 20 ፓውንድ ያገኛል፣ የ40 በመቶ ከፋይ ደግሞ 40። ስለዚህ ከፍ ያለ ደመወዝ ያለው ሰው ዝም ሲል የሚያጣው እጥፍ ነው።

40 በመቶው የሚጀምረው ገቢ በዓመት 50,270 ፓውንድ ሲያልፍ ነው። ስኮትላንድ የራሷ እርከን አላት፣ እዚያ 42 በመቶ ሆኖ ቀደም ብሎ ይጀምራል። የ50,270 ጣሪያ ከ2021 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ወዲህ አልተነቃነቀም፣ ደመወዝ ግን ጨምሯል። ሌሊትና እሑድ ሳይሉ ተጨማሪ ፈረቃ የሚገቡ ጎበዝ ነርሶቻችንም ሳያስቡት እዚያ እርከን ላይ ሊደርሱ ይችላሉ።

ሕጉ ጠባብ ነው። ወጪው ሙሉ በሙሉ፣ ለሥራው ብቻና የግድ መሆን አለበት ይላል። አነጋገሩ ከ1853 ጀምሮ ያለ ነው። ከቤት ወደ ቋሚ ሥራ ቦታ የሚደረግ ጉዞ አይታሰብም፣ ከ24 ወር ለማይበልጥ ጊዜ ወደተመደቡበት ጊዜያዊ ቦታ የሚደረገው ግን ይታሰባል። በራስ መኪና ለሥራ ለሚነዳ ሰው ሂሳቡ ከ2011 ወዲህ ለመጀመሪያው 10,000 ማይል በማይል 45 ፔኒ ሆኖ ቆይቷል፤ አሠሪው ከዚያ ያነሰ ከከፈለ ልዩነቱ ላይ የግብር ቅናሽ ይጠየቃል። የሙያ ማኅበር መዋጮ፣ የነርሶች ምዝገባ ክፍያና ዩኒፎርም ማጠቢያም ይገባሉ። ለነርስ ዩኒፎርም ያለ ደረሰኝ እንደ ወጪ የሚያዘው በዓመት 125 ፓውንድ ነው። የትምህርት ክፍያ ያከራክራል። በአብዛኛው አይፈቀድም፣ ግን በ2010 በሥልጠና ላይ የነበረች የቆዳ ሐኪም ሥልጠናው ራሱ የሥራዋ ግዴታ ስለነበር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ አሸንፋለች።

ይህን መብት ሰው ሁሉ ያወቀው በኮሮና ጊዜ ነው። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ከቤት ለሚሠራ ሰው በሳምንት የሚያዘው ከ4 ወደ 6 ፓውንድ አደገ፣ ይህም በዓመት 312 ፓውንድ ማለት ነው። ለ40 በመቶ ከፋይ 124.80 ፓውንድ ይመለስለታል። በዚያ ላይ ደረሰኝ አይጠየቅም ነበር፣ በአሠሪው ትእዛዝ አንድ ቀን እንኳ ቤት የሠራ ሰው የዓመቱን ሙሉ ያገኝ ነበር፣ ማመልከቻውም በኢንተርኔት በደቂቃዎች ያልቅ ነበር። ከ2022 በኋላ ግን ደንቡ ጠበቀ። ቤት መሥራት ስለፈለጉ ብቻ አይሰጥም፣ ሥራው ራሱ የሚያስገድድ መሆን ነበረበት። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ደግሞ ይህ ቅናሽ ጭራሹን ቀርቷል። ያለፉት ዓመታት ግን አሁንም ይጠየቃሉ፣ ወደ ኋላ 4 ዓመት ስለሚፈቀድ።

በዚያው ሰሞን «እኛ እናስመልስልህ» የሚሉ ድርጅቶች ፈሉ። ሰው ሳያነብ ይፈርምና ገንዘቡ በእነሱ በኩል፣ ድርሻቸው ተቆርጦ ይደርሰዋል። በ2023 ሕጉ ተመላሹን ለሌላ የሚያስተላልፍ ውል ዋጋ እንዳይኖረው አደረገ። እባካችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። ፒ87 የሚባለው ፎርም በነጻ ነው፣ ወጪው በዓመት ከ2,500 ፓውንድ ካለፈ ብቻ የዓመቱን የግብር ማስታወቂያ መሙላት ያስፈልጋል። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ለአብዛኛው ወጪ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ደረሰኝ አትጣሉ።

ገቢው ከጣሪያው ትንሽ ብቻ ያለፈ ሰው ሁሉንም በ40 እንዳያሰላ። 50,400 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው 500 ቢያወጣ፣ 40 በመቶው የሚሠራው በ130 ፓውንዱ ላይ ብቻ ነው፣ ቀሪው 370 በ20 ይሰላል። በድምሩ 126 ፓውንድ። ያለፈው ዓመት ብዙውን ጊዜ በቼክ ወይም በባንክ ይመጣል፣ የዘንድሮው በታክስ ኮዱ (አሠሪው ከደመወዝ ስንት ግብር እንደሚቆርጥ በሚነግረው መለያ) ውስጥ ይገባል። ኮዱ ውስጥ የገባው ደግሞ በየዓመቱ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ሥራ የቀየረ ሰው ካላሳወቀ ያልተገባው ቅናሽ ይታሰብለትና ቆይቶ መልስ ይባላል።