ፓር ምንድን ነው? ለትልቅ የተክል አኳሪየም መብራት የሚመርጥ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ቁጥር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቶ ለአኳሪየም የሚሆን መብራት የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የሚነገረው ዋቱ ነው፤ ቀጥሎ ዋጋው። ሻጩ ትንሽ የሚያውቅ ከሆነ ሉመኑን ይጠቅስና «ነጭ ነው፣ 6500 ነው» ብሎ ይጨምርበታል። ሦስቱም ቁጥሮች ውሸት አይደሉም። ሆኖም አሸዋው ላይ የተተከለው ተክል ምን ያህል ብርሃን እንደሚደርሰው አንዳቸውም አይናገሩም። ይህን የሚናገረው ፓር የሚባለው መለኪያ ነው።

ፓር ተክል ምግቡን ለማዘጋጀት፣ ማለትም ለፎቶሲንተሲስ፣ ሊጠቀምበት የሚችለው የብርሃን ክፍል ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ሲሆን ከሐምራዊና ከሰማያዊ ተነሥቶ በአረንጓዴና በቢጫ በኩል አልፎ ቀይ ላይ ያበቃል። የሚለካው ፎቶን የሚባሉትን የብርሃን ቅንጣቶች በመቁጠር ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሰከንድ ስንት ማይክሮሞል (እጅግ ብዙ ቅንጣት በአንድነት የሚቆጠርበት አሃድ) ፎቶን አረፈ ይባላል። በክረምት ስለ ደመናው ትልቅነት ከመጨነቅ ይልቅ ቆርቆሮው ላይ ያረፈውን ጠብታ እንደ መቁጠር ያለ ነገር ነው። ሰማያዊው ፎቶን ከቀዩ የበለጠ ጉልበት ይዞ ቢመጣም በዚህ ቆጠራ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ናቸው፤ ለቅጠሉ ሥራ ወሳኙ የፎቶኑ ብዛት ስለሆነ። በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ ወደ 2000 ማይክሮሞል ይጠጋል። አኳሪየም ውስጥ ያለ ተክል አብዛኛውን ጊዜ ከ100 በታች በሆነ ብርሃን ይኖራል። ይህን ልዩነት በልባችን እንያዘው፤ ኋላ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ታዲያ ዋትና ሉመን ምን በደሉ? ዋት መብራቱ ከሶኬት የሚስበው ኃይል ነው። ሁሉም ሰው ፍሎረሰንት ይጠቀም በነበረበት ዘመን አምፖሎቹ ስለሚቀራረቡ «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዋት» የሚል ስሌት ይሠራ ነበር። ኤልኢዲ ከመጣ በኋላ ግን ስሌቱ ፈረሰ፤ በእኩል ዋት አንዱ የሌላውን እጥፍ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል። ሉመን ደግሞ የሰው ዓይን መለኪያ ነው። ዓይናችን በቀን ብርሃን ይበልጥ የሚነቃው 555 ናኖሜትር አካባቢ፣ አረንጓዴው ላይ ነው፤ ስለዚህ ሉመን ለአረንጓዴው ያዳላል፣ ቀዩንና ሰማያዊውን ያሳንሳል። ኬልቪን፣ ማለትም ያ 6500 የተባለው ቁጥር፣ የብርሃኑን ቀለም እንጂ ብዛቱን አይገልጽም። አንድ ትንሽ አምፖልና አንድ የስታዲየም መብራት ሁለቱም 6500 ሊሆኑ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ሻጮች የሚደጋግሙት አንድ አባባል አለ፦ ተክል አረንጓዴ ብርሃን አይጠቀምም፣ ስለዚህ ቀይና ሰማያዊ ብቻ ያለበትን ሐምራዊ መብራት ግዙ ይላሉ። እውነት አይደለም። ኪት ማክሪ የተባለ ተመራማሪ በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ጥናት የ22 ሰብሎችን ቅጠል ለየብርሃኑ ቀለም እያጋለጠ ለክቶ አረንጓዴውም ሥራ ላይ እንደሚውል አሳይቷል። ቅጠል አረንጓዴ መስሎ የሚታየን ከአረንጓዴው ጥቂቱን ስለሚመልስ ነው፤ አብዛኛውን ግን ያስቀረዋል። ሐምራዊ መብራት ተክል ያሳድጋል፤ ነገር ግን ዓሣውም ድንጋዩም አጠገቡ የተቀመጠው እንግዳም ሐምራዊ ይሆናሉ። ለሚታይ አኳሪየም ጥሩ ነጭ መብራት ይሻላል፤ ቀይ ቅጠል ላለው ተክል ድምቀት ከተፈለገ ጥቂት ቀይ ኤልኢዲ የተጨመረበት ይመረጣል።

አሁን ወደ ትልቁ አኳሪየም እንምጣ። ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም በስሌት 648 ሊትር ይይዛል። ችግሩ ሊትሩ አይደለም፤ ጥልቀቱና ወርዱ ነው። ከላይ የተነሣው ብርሃን ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይበተናል፤ ስለዚህ ከውኃው ወለል ላይ 150 የነበረው አሸዋው ላይ ሲደርስ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። መብራቱ ከውኃው በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ወይስ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ተሰቅሏል የሚለው ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ንጹሕ ውኃም ከቀዩ ብርሃን ጥቂት ይውጣል፤ በዚህ ጥልቀት ግን ዋናው ሌባ እሱ አይደለም። ከዚያ የሚከፋው አዲስ የገባ እንጨት የሚለቀው ቡናማ ቀለም ነው፤ ሰማያዊውን አስቀድሞ ይበላል። ሽፋን መስታወቱ ላይ ውኃ ተኖ የሚተወው ነጭ ቅርፊትም አለ። በሳምንት አንዴ በሆምጣጤ ማጽዳት አዲስ መብራት ከመግዛት ይረክሳል።

በአንጻሩ መስታወቱ ራሱ ይረዳናል። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ቁልቁል ስለሚታጠፍ የጎኑን መስታወት የሚመታው በሰያፍ ነው፤ አብዛኛውም ወደ ክፍሉ ከመውጣት ይልቅ ተንፀባርቆ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው መስታወቱ ከአልጌ የጸዳ ሲሆን ነው።

ጥልቀትና ድፍርስ ውኃ አብረው ምን እንደሚሠሩ ማየት የፈለገ ጎርጎራ ወርዶ ጣናን ይመልከት። ሐይቁ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ጥልቀት ቢኖረውም ከየወንዙ የሚገባው ደለል ብርሃኑን ስለሚይዘው በውኃ ውስጥ ሥር ሰደው የሚያድጉት እንደ ቫሊስኔሪያ ያሉ ተክሎች ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ይቀራሉ። መሐል ላይ ፀሐይዋ ያው ናት፤ ታች የሚደርሰው ግን ሌላ ነው።

ስንት ፓር ይበቃል? አሸዋው ላይ ሲለካ ከ15 እስከ 30 ማይክሮሞል ለአኑቢያስ፣ ለጃቫ ፈርንና ለአብዛኛው ክሪፕቶኮሪን ይበቃል። ከ30 እስከ 80 መካከለኛ ነው፤ ቫሊስኔሪያና ብዙዎቹ ግንድ ያላቸው ተክሎች እዚህ ይመቻቸዋል። ከ80 በላይ ያለው ለቀያይ ሮታላዎችና መሬቱን እንደ ምንጣፍ ለሚሸፍኑት ዝቅተኛ ተክሎች ነው። ድንበሮቹ የተሰመሩ ሳይሆኑ በልምድ የተያዙ ናቸው።

ከፍተኛውን መምረጥ ግን ዋጋ አለው፤ ገንዘቡን ማለቴ አይደለም። ብርሃን ሲጨምር ተክሉ በዚያው ልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ ይፈልጋል። ካላገኘ እድገቱ ይቆምና የተረፈውን ብርሃን አልጌ ይወስደዋል። አንድ የሆቴል ባለቤት ለእንግዳ መቀበያው አኳሪየም ሲያሠሩ «ልጄ፣ ውኃው ውስጥ ፀሐይ ትውጣልኝ» ብለውኝ ነበር። «ጋሼ፣ ፀሐይ ከወጣችማ ከተክሉ ቀድሞ የሚጠግበው አልጌው ነው» አልኳቸው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያው እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ለትልቅ አኳሪየም የምመክረው አሸዋው ላይ ከ30 እስከ 50 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ጋዙን አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ይህን ይዘን መብራቱን እንምረጥ። ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አኳሪየም አንድ ኃይለኛ መብራት መሐል ላይ ከመስቀል ሁለት መለስተኛ መብራቶችን አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ማድረግ ይሻላል። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ መሐሉ ይቃጠላል፤ የፊቱ ተክል ደግሞ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ከላይ ለጠቀስነው 180 ሴንቲ ሜትር አኳሪየም በጠቅላላው 150 ዋት ገደማ የሆነ ደኅና ኤልኢዲ በሁለት መስመር፣ ከዲመር (የብርሃኑን መጠን ዝቅና ከፍ ማድረጊያ) ጋር፣ ለመካከለኛ ብርሃን ይበቃል ባይ ነኝ። ዲመሩ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ የበዛውን መቀነስ ይቻላል፣ የጎደለውን መጨመር ግን አዲስ መግዛት ነው። ሲጀመር በግማሽ ኃይል ይበራና ተክሎቹ ሥር ሲይዙ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል። የሌንሱን ማዕዘንም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ 120 ዲግሪ የሚበትነው ለአጭር አኳሪየም ይስማማል፣ 90 ወይም ከዚያ ጠበብ ያለው ለጥልቁ። ውኃ የማያስገባ መሆኑን ማረጋገጥና ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንዲመለስ ማድረግ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

የፓር መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው፤ ለአንድ አኳሪየም ብሎ መግዛት አያዋጣም። በእጅ ያለው ስልክ ግን ብርሃንን በሉክስ የሚለካ መተግበሪያ ይቀበላል። ለነጭ ኤልኢዲ ሉክሱን በ70 ማካፈል ፓሩን በግምት ይሰጣል፤ 2800 ሉክስ ያነበበ ስልክ 40 ማይክሮሞል አካባቢ ነው ማለት ነው። ውኃው ከመሞላቱ በፊት ስልኩን አሸዋው ላይ በጀርባው አስተኝቶ መሐሉን፣ አራቱን ማዕዘናትና የፊት መስታወቱን ሥር ማንበብ ነው። ማዕዘኖቹ ከመሐሉ ምን ያህል እንደሚያንሱ ያየ ሰው የሁለተኛውን መስመር ጥቅም ሌላ አያስረዳውም። ሉክስ የሰው ዓይን መለኪያ ስለሆነ ይህ ዘዴ ለሐምራዊ መብራት አይሠራም፤ እጅግ አሳንሶ ያነባል።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ሰዓቱ ነው። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል፤ እንግዳ የሚበዛው ማታ ለሆነበት ቤት ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ጥሩ ምርጫ ነው። መብራት በጠፋበት ቀን ያመለጠውን በማግሥቱ ልክፈል ማለት አያስፈልግም፤ ተክል አንድ ቀን ቢጨልምበት አይሞትም። በመብራት መጥፋት የሚዛባው ታይመሩ ነው። በመንኮራኩር የሚዞረው ዓይነት ኃይል ሲቋረጥ አብሮ ስለሚቆም ሦስት ሰዓት ጨለማ ካለፈ አኳሪየሙ ሌሊቱን እስከ 7 ሰዓት ሲበራ ያመሻል፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ከጠፋማ ሌሊትና ቀኑ ይገለባበጣል። የራሱ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ይህን ያስቀራል።

ቅድም ያቆየነው መስኮት ደግሞ ይህ ነው። በመስታወት ተጣርቶም ቢሆን ቀጥታ የሚገባ የፀሐይ ጨረር ከመብራታችን ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በዲመር ያደረግነውን ጥንቃቄ ሁሉ በአንድ ሰዓት ያፈርሰዋል። በታኅሣሥ የጎንደር ቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በደቡብ መስኮት ገብታ ክፍሉ ውስጥ ራቅ ብላ ታርፋለች። ብዙ ሰው የማያስተውለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለውን ነው፤ በዚያ ጊዜ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ በበጋ ጥላ የነበረው የሰሜን መስኮት ደመና በተገለጠ ቁጥር ጨረር ይቀበላል። ስለዚህ የአኳሪየሙን ቦታ በጥር አይቶ የወሰነ ሰው በሰኔም አንድ ቀን ቀትር ላይ ክፍሉን ይመልከት፤ ወይም ከሁለቱም መስኮቶች ራቅ ያለውን ግድግዳ ይምረጥና መጋረጃ ከመግዛት ይረፍ።