ቆሎው ከቦርሳ አይውጣ፦ ስለ ክላሲካል ኮንሰርት የሰማነውና እውነታው

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ አምስት የኮንሰርት ትኬት ቆርጣ ስትደውልልኝ፣ ጅማ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። ስልኩን ገና ሳልዘጋው ምክሩ ጀመረ። "ሱፍ ካልለበስክ ከበር ይመልሱሃል።" "ልጅ አያስገቡም።" "ኧረ እንቅልፍ ነው የሚጥልህ!" ከመካሪዎቹ አንዱም እንዲህ ያለ አዳራሽ ረግጦ አያውቅም። እኔም አላውቅምና ሁሉንም አመንኩ።

ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እማዬ፣ የእናቴ ወንድም ጋሼ እና የሰባት ዓመቷ ልጃችን። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዋዜማው በሌሊት ተነስተን፣ ጊቤን ወርደን ወጥተን፣ ማታ እህቴ ቤት ደረስን። ጋሼ ወዳጁ ዘንድ አደረ። ከውጭ የመጣ ኦርኬስትራ ነበር። ከዚያ ሁሉ ምክር የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው ወሬ እንደሆነ ልንገራችሁ።

"ትኬቱ 7፡00 ስለሚል ከቀኑ 7 ሰዓት ነው"

ይሄ የጋሼ ነው። እንዲህ ያሉ ትኬቶች ላይ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ነው የሚጻፈው። 7፡00 ማለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ጋሼ ግን ከወዳጁ ቤት ተነስቶ፣ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ በጠራራ ፀሐይ በሩ ላይ ተገኘ። ዘበኛው አዝኖለት ወንበር ሰጠው። ስንደርስ ሁለቱ የቡና ዋጋ እያወሩ ነበር።

ያም ሆኖ ከማርፈድ ይሻላል። አንዱ የሙዚቃ ሥራ ከተጀመረ በሩ ይዘጋል፤ ያረፈደ ሰው የሚገባው መሐል ላይ ፋታ ሲገኝ ነው። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ ጋ አይሠራም።

"ሱፍና ከረባት ግዴታ ነው"

አይደለም። ንጹሕ ልብስ ይበቃል። ጥቁር የለበሱት ተጫዋቾቹ ናቸው። እማዬ በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ ገብታ ከሁላችንም በላይ አምራ ነበር። ጋሼ ብቻ በከረባቱ ሲታነቅ አመሸ።

"መድረኩ ላይ ማይክ ስላለ፣ ብናወራም አይሰማም"

ሰው ኮንሰርት አዳራሽ ገብቶ የሚደናገረው ከዚህ ስለሚነሳ ረዘም አድርጌ ልናገር። እኛ ሙዚቃ የምናውቀው በስፒከር ነው። ጅማ ሠርግ ላይ ቁም ሳጥን የሚያክል ስፒከር ይደረደርና፣ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር የምታወራው በጩኸት ነው። ክላሲካል ኮንሰርት ላይ ግን በአብዛኛው ስፒከር የሚባል ነገር የለም። ሰባ ሰማንያ ሰው ይጫወታል፣ የሚሰማው የእንጨቱና የክሩ፣ የነሐሱና የትንፋሹ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁን የሚያደርሰው አዳራሹ ራሱ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም የተሠሩት ለዚያ ነው።

ይህ ከገባን "ኩራት" የምንለው ሥርዓት ሁሉ ትርጉም ይኖረዋል። ዝም የሚባለው፣ በር የሚዘጋው፣ ስልክ የሚጠፋው፣ ቀስ ብሎ የሚጫወተው አንድ ቫዮሊን የመጨረሻው ወንበር ድረስ መሰማት ስላለበት ነው። እሱ ከተሰማ ደግሞ የላስቲክ ኮሽታም ይሰማል።

እማዬ ቦርሳዋ ውስጥ ለመንገድ የያዘችው ቆሎ ነበር። መብራቱ እንደጠፋ እጇን ሰደደች። አንዲት ሽምብራ "ቀጭ" ስትል ከፊታችን ያለው ረድፍ በሙሉ ዞረ። ሁለተኛዋን አፏ ውስጥ ከታታለች፤ ልትተፋት አልቻለች፣ ልታላምጣት አልቻለች። ጉንጯን ይዛ ጭብጨባ ጠበቀች። ሰዉ ሲያጨበጭብ እሷ አኘከች።

ድምፁን የሚያደርሰው አዳራሹ ስለሆነ፣ የፊት ወንበር ሁልጊዜ ምርጥ ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። ከፊት ስትቀመጥ ቅርብህ ያለው ቫዮሊን ሌላውን ይውጠዋል። መሐል ወይም ፎቅ ላይ ድምፁ ተዋህዶ ይደርሳል። ልጅ ከያዛችሁ ደግሞ ፎቅ ይመረጣል። ልጃችን ከላይ ሆና ከኋላ የቆመውን ከበሮ መቺ ሳይቀር ቆጠረች።

"የመጀመሪያው ዜማ ደስ አይልም"

እማዬ ናት ይህን ያለችው፣ ያውም በጆሮዬ። ዜማ አልነበረም። እየቃኙ ነበር። ኦርኬስትራ ከመጀመሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ኦቦ የምትባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንዲት ድምፅ ትሰጣለች፤ "ላ" ይሏታል፣ በሰከንድ 440 ጊዜ አካባቢ የምትርገበገብ። ኦቦ የተመረጠችው ድምፅዋ ቀጥ ያለና ከጫጫታ መሐል የሚለይ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ በእሷ ይስተካከላሉ። ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ ድምፅ እሱ ነው።

"መሐል ላይ ያጨበጨበ መሃይም ነው"

እኔ አጨብጭቤአለሁ። ሲምፎኒ የሚባለው ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ ብዙ ጊዜ አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል በግርማ ሲያልቅ ጨዋታው ያለቀ መስሎኝ አጨበጨብኩ። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰው ነበርን ያጨበጨብነው። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ዛሬ ልማዱ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ነው። ግን ከጥንት የመጣ ሕግ አይምሰላችሁ። የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ፓሪስ ላይ አዲስ ሲምፎኒ ሲያቀርብ፣ ሰዉ ገና መሐል ላይ እንዳጨበጨበለት ለአባቱ በደስታ ጽፎ ነበር። የዝምታው ልማድ የጸናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። እና ለሞዛርት ደስ ያለው ነገር ለኔ ለምን ያሳፍረኛል?

ላለመሳሳት የምትፈልጉ ግን ፊት ቆሞ በእጁ የሚመራውን ሰው፣ ኮንዳክተሩን እዩ። እጁ አየር ላይ እስካለ አላለቀም። እጁን አውርዶ ወደ እናንተ ሲዞር ነፃ ናችሁ። እማዬ መጨረሻ ላይ እልልታዋን ለቀቀችው። ተጫዋቾቹ ቀና ብለው ፈገግ አሉ።

በነገራችን ላይ፣ ኮንዳክተሩ "ዝም ብሎ እጁን የሚያወናጭፍ" አይደለም። ዋናው ሥራው ያለቀው በልምምድ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያየው የራሱን ድርሻ ብቻ ሲሆን፣ የሁሉንም ዘርግቶ የሚያየው እሱ ነው።

"ልጅ አይገባም"

እንደ ዝግጅቱ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዕድሜ ገደብ እንዳለው ጠይቁ። ለልጆች ተብለው የተጻፉ ሥራዎችም አሉ። የሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ የፕሮኮፊየፍ "ፒተርና ተኩላው" እ.ኤ.አ. በ1936 ለሕፃናት የተጻፈ ተረት ነው። በተረቱ ውስጥ ያለው ሁሉ የራሱ መሣሪያ አለው፦ ወፏ ፍሉት፣ ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቷ ክላርኔት፣ አያትየው ባሱን፣ ተኩላው ሦስት ሆርን ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ አንድ ልጅ ይችለዋል።

እኛ ከመሄዳችን በፊት ለአንድ ሳምንት ይህንን በስልክ አሰማናት። የዚያን ምሽት ፕሮግራም ላይ አልነበረም፣ ግን ለውጥ አላመጣም። ኦርኬስትራው ሲቀመጥ ጆሮዬን ይዛ "አባዬ፣ ዳክዬዋ የታለች?" አለችኝ። አገኘቻት። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከኦቦዋ አልተነሳም።

የአራት ዓመት ልጅ ግን ለረጅም የማታ ፕሮግራም እኔ አልወስድም። ከወሰዳችሁ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በእረፍት ሰዓት ይዞ መውጣትም ነውር የለውም።

"እንቅልፍ ነው"

ጋሼ ተኝቷል። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በፀሐይ የተቀመጠ ሰው ምን ያድርግ? መተኛት ማንንም አይጎዳም፣ ማንኮራፋት ነው ችግሩ። ሃይድን የተባለው ደራሲ ለስለስ ያለ ዜማ መሐል ድንገት የሚደነፋበት ሲምፎኒ አለው፣ 94ኛው። የሚተኙትን ለመቀስቀስ ጻፈው እየተባለ ይወራል። እሱ ግን ተጠይቆ "አይ፣ አዲስ ነገር ላሳያቸው ብዬ ነው" ብሏል።

"የኛ አይደለም"

ይሄኛው ያናድደኛል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ኋላ መንኩሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ የፒያኖ ድርሰታቸውን ለዓለም ትተዋል። ግርማ ይፍራሸዋ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ ተምሮ የኛን ዜማ በፒያኖ ይጫወታል። ሙላቱ አስታጥቄስ? ክላሲካል ሳይሆን ጃዝ ነው፣ ግን ለንደንና ቦስተን የተማረውን ከኛ ቅኝት ጋር ያጋባው ሰውዬ የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ጎረቤቶቼ ይህን ስነግራቸው "ውሸትህን ነው" አሉኝ።

ቫዮሊንስ ቢሆን? አራት ክር አለው፣ የሚገዘገዘው በፈረስ ጭራ ነው። ማሲንቆም አንድ ክር ይኑረው እንጂ የሚገዘገዘው በዚያው በፈረስ ጭራ ነው።

ስንመለስ ወልቂጤ ለምሳ ቆምን። ጥግ ላይ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን አውጥቶ ሲገዘግዝ ጋሼ ብር ለመሸለም ከኪሱ አወጣ። እማዬ እጁን ያዘችው።

"ቆይ እንጂ፣ ገና እየቃኘ ነው።"