ለቅሶ ቤት የምንሰማቸው "ማጽናኛዎች"

ባለፈው ክረምት ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ለቅሶ ደርሼ ነበር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። የእድሩ ድንኳን ውሃ ባቆረ ቁጥር ልጆች ከሥር በእንጨት እየገፉ ያፈሱታል። ልጇን የቀበረችው እናት ጥግ ይዛለች። አንዷ ጠጋ አለችና "በቃሽ! ማልቀስ እግዚአብሔርን ማማረር ነው" አለቻት። እናትየዋ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ዝም አለች።

ለበጎ ብለን የምንናገረው ስንት ነገር ቁስል እንደሚነካ ያን ቀን አሰብኩ።

"ማልቀስና ማማረር የእምነት ማነስ ነው"

ኢየሱስ እኮ አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ አልቅሷል (ዮሐንስ 11)። በመስቀል ላይም "አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?" ብሎ ጮኋል። ቃሉ ከዳዊት መዝሙር ነው፤ በግዕዙ ቁጥር 21፣ በሌላው 22። ማማረር መዝሙር ሆኖ ገብቷል ማለት ነው።

ከኢዮብ ደግሞ ሁላችንም የምንጠቅሰው ምዕራፍ 1ን ነው፤ "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ"። መጽሐፉ ግን 42 ምዕራፍ አለው። ምዕራፍ 3 ላይ ያው ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ወዳጆቹ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው ሲከራከሩት ይከርማሉ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? በጠበቆቹ! እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። እነዚያ ሰዎች ደህና የሠሩት መጀመሪያ ላይ ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ።

"ኃጢአት ቢኖርባት ነው"

ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር። "እሱም ወላጆቹም አልበደሉም" ተባሉ (ዮሐንስ 9)። አለቀ።

"እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይሰጥም"

ይሄኛው ጥቅስ ስላለው ይከብዳል። 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ከሚቻላችሁ በላይ አትፈተኑም ይላል። ችግሩ "ፈተና" በእኛ ቋንቋ መከራም ነው፣ ወደ ኃጢአት መጎተትም ነው። ምዕራፉን ከላይ ጀምራችሁ ስታነቡ ወሬው ስለ ጣዖትና ስለ ዝሙት ነው። ስለ መከራማ ያው ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ መግቢያ ላይ፣ በእስያ የደረሰብን ከአቅማችን በላይ ስለነበር በሕይወት የመኖር ተስፋ ቆርጠን ነበር ብሏል። በራሳችን ሳይሆን ሙታንን በሚያነሣው እንድንታመን ነው ይላል። "አይዞሽ፣ ትችይዋለሽ" ማለትና ይሄ ይለያያሉ። አልቻልኩም ማለት ይፈቀዳል።

"ሁሉን እችላለሁ"

እዚያው ጅማ ከመርካቶ ወደ አጂፕ ሰፈር በባጃጅ ስትሄዱ መስታወት ላይ የተለጠፈ አታጡም፤ "ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ" (ፊልጵስዩስ 4፥13)። ፈተና ለማለፍ፣ ንግድ ለማሳካት እንጠቅሰዋለን። ጳውሎስ ግን የጻፈው ታስሮ ነው። "ሁሉን" ያለውም መጥገብን መራብን፣ ማግኘትን ማጣትን ነው። የሚገርመኝ ቀጣዩ ቁጥር ነው፣ ማንም አይለጥፈውም። በመከራዬ ስለተካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ ይላል። ሁሉን እችላለሁ ያለው ሰው የሰው እርዳታ ተቀብሎ እያመሰገነ ነው!

"ጸበል ከያዙ መድኃኒት መተው ነው"

ሲራክ 38ን አንብቡ። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም እግዚአብሔር ፈጠረ ይላል። ሞቱን ለለመነው ኤልያስም መጀመሪያ የተላከለት ስብከት ሳይሆን እንጎቻና ውሃ ነበር። በልቶ ተኛ።

ወደ ኮቺ ልመለስ። አመሻሽ ላይ አንዲት ሙስሊም ጎረቤቷ ጀበና ይዛ ገባች። አቦሉን ቀድታ ስኒውን እጇ ላይ አስያዘቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እናትየዋ ነጠላውን ከአፏ አወጣችና ጮክ ብላ አለቀሰች። በቃሽ ያላት የለም።