የፒቱታሪ ግብረ መልስ ምንድን ነው?

ፒቱታሪ ዕጢ ብዙ ጊዜ «የዕጢዎች አለቃ» ትባላለች። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ታይሮይድን፣ ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናልን፣ ኦቫሪን (የሴቷን የእንቁላል ዕጢ) እና የዘር ፍሬን በሆርሞን የምታዛቸው እሷ መሆኗ ልክ ነው። ግን እሷም አዛዥ አላት፣ እንዲያውም ሁለት። ከላይ ሀይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ያዛታል፤ ከታች ደግሞ እሷ ራሷ የቀሰቀሰቻቸው ዕጢዎች የሚያመርቱት ሆርሞን በደም ተመልሶ መጥቶ «በቃ» ወይም «ጨምሪ» ይላታል። ይሄ ከታች ወደ ላይ የሚመለሰው መልእክት ነው ግብረ መልስ የሚባለው።

ስለዚህ ነገር የምናውቀውን አብዛኛውን ያስተማረችን የላብራቶሪ አይጥ ናት። የአይጥ ፒቱታሪ ክብደቷ 10 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ይህችን የምታክል ነገር ከአንጎል ሥር አንጎሉን ሳይነኩ ማውጣት ቀላል አይደለም። አሜሪካዊው ፊሊፕ ስሚዝ በአንገት በኩል ገብቶ ማውጣት የሚቻልበትን ዘዴ አሻሽሎ ውጤቱን በ1930 በዝርዝር አሳተመ። ዕጢዋ የወጣችባቸው አይጦች እድገታቸው ቆመ፣ ታይሮይዳቸውና አድሬናላቸው ሟሸሸ፣ የመራቢያ አካላቸው ሥራ አቆመ። ከሌላ አይጥ የተወሰደ ፒቱታሪ በየቀኑ ሲተከልላቸው ግን ብዙው ነገር ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ «አለቃ» የሚለው ስም የሚያስኬድ ይመስላል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ታሪኩ ተገለበጠ። ለእኔ የዚህ መስክ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው። ያኔ የወንድና የሴት ሆርሞኖች እርስ በርስ በቀጥታ ይጣላሉ ተብሎ ይታመን ነበር፤ ምክንያቱም ለወንድ አይጥ የሴት ሆርሞን ሲሰጥ የዘር ፍሬው ይሟሽሻል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ካርል ሙርና ዶሮቲ ፕራይስ ይህን ሲፈትሹ አንድ የማይገጥም ነገር አገኙ። ለወንዱ አይጥ የራሱን፣ የወንድ ሆርሞን ሲሰጡትም የዘር ፍሬው ሟሸሸ! የገዛ ሆርሞኑ እንዴት ጠላት ሊሆን ይችላል? ከሆርሞኑ ጋር የፒቱታሪ ተከላ አብረው ሲሰጡት ደግሞ ጉዳቱ ቀረ። ስለዚህ ሆርሞኑ የሚመታው የዘር ፍሬውን ሳይሆን ፒቱታሪን ነው፤ ፒቱታሪ ዝም ስትል የዘር ፍሬው ቀስቃሽ ያጣና ይሟሽሻል ማለት ነው። ይህን በ1932 አሳተሙ። ዛሬ ጡንቻ ለመገንባት ብለው ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚወጉ ወንዶች የዘር ፍሬያቸው የሚያንሰውና የዘር ፈሳሻቸው ስፐርም የሚያጣው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ሳያውቁ የሚጀምሩ ወጣቶች መኖራቸው ያሳስበኛል።

ይሄኛው ዓይነት አሉታዊ ግብረ መልስ ይባላል። አሉታዊ የተባለው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ምርቱ የራሱን ማዘዣ ስለሚቀንስ ነው። ውሃው ሲሞላ ራሱ እንደሚዘጋ የታንከር ቧንቧ አስቡት። በተቃራኒው የአይጡን የዘር ፍሬ ወይም ኦቫሪ ብታወጡ የሚያቆማት ስለሌለ ፒቱታሪ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የተባሉትን፣ ኦቫሪንና የዘር ፍሬን የሚቀሰቅሱ ሁለት ሆርሞኖች በብዛት መልቀቅ ትጀምራለች። ታይሮይዱ ሲወጣም እንደዚሁ ታይሮይድን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ያሻቅባል። አድሬናልም በዚሁ ሕግ ነው የሚሄደው፣ ልዩነቱ በአይጥ ላይ መልእክት የሚመልሰው ዋናው ሆርሞን እንደ ሰው ኮርቲሶል ሳይሆን ኮርቲኮስቴሮን መሆኑ ነው።

ከላይ ያለው አዛዥስ እንዴት ነው የሚያዘው? የፒቱታሪ የኋላ ክፍል ከሀይፖታላመስ በቀጥታ ነርቭ ስለሚወርድለት ግልጽ ነው። የፊተኛው ክፍል ግን ነርቭ የለውም ማለት ይቻላል። ያለው ከሀይፖታላመስ ሥር ተነስተው ወደ እሱ የሚወርዱ ደቃቅ የደም ሥሮች ናቸው። ጆፍሪ ሃሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ትእዛዙ በእነዚህ የደም ሥሮች የሚወርድ ኬሚካል ነው ብሎ ተከራከረ። በ1952 ከዶራ ጃኮብሶን ጋር ባሳተመው ሥራ ፒቱታሪያቸው የወጣ አይጦችን ወሰዱና ሌላ ፒቱታሪ ተከሉላቸው፤ ለአንዳንዶቹ ልክ ከሀይፖታላመስ ሥር፣ ለአንዳንዶቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ከሌላ የአንጎል ክፍል ሥር። ሁለቱም ደም አግኝተዋል። ሥራዋን በደንብ የቀጠለችው ግን ከሀይፖታላመስ የሚወርደውን ደም ያገኘችው ናት። ኬሚካሎቹ ራሳቸው ኋላ ላይ፣ ከ1969 ጀምሮ፣ ከበግና ከአሳማ አንጎል ተለይተው ወጡ። ሮጀር ጊለሚንና አንድሩ ሻሊ ለዚህ ሥራ በ1977 ኖቤል ተሸለሙ።

ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርገው የፒቱታሪ ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን ላይ ስትደርሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጆን ኤቨሬት የተባለው ተመራማሪ በ1954 የአይጥን ፒቱታሪ ከቦታዋ አንስቶ ከኩላሊት ሽፋን ሥር ተከላት። ከሀይፖታላመስ ስትርቅ ሌሎቹ ሆርሞኖች ቀነሱ፣ ፕሮላክቲን ግን ያለማቋረጥ መፍሰሱን ቀጠለ። ሀይፖታላመስ ፕሮላክቲንን የሚቆጣጠረው በመከልከል ነው ማለት ነው። ዋናው ከልካይ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ዶፓሚንን የሚያግዱ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ፕሮላክቲኑ ሊጨምር የሚችለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ እንምጣ። ከኦቫሪ የሚመነጨው የሴት ሆርሞን ኤስትሮጅን አብዛኛውን ጊዜ ኤልኤችን ይቀንሳል። የሴት አይጥ ዑደት 4 ወይም 5 ቀን ነው፤ በዚህ ጊዜ አብዛኛው ቀን ኤልኤች ዝቅ ብሎ ይቆያል። ከዚያ እንቁላል ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኤስትሮጅን ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ያው ኤስትሮጅን ተገልብጦ ኤልኤች ከሰዓት በኋላ በአንዴ እንዲወነጨፍ ያደርጋል። ይሄ አዎንታዊ ግብረ መልስ ነው። አንድ ሆርሞን እንዴት ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ይሰጣል? መልሱ አድራሻው ላይ ነው። በአይጥ ሀይፖታላመስ ውስጥ ኪስፔፕቲን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሁለት የነርቭ ሕዋስ ቡድኖች አሉ፤ ኤስትሮጅን አንደኛውን ቡድን ሲያፍን ከፊት በኩል ያለውን ሁለተኛውን ቡድን ያነቃዋል፣ ይሄኛው ደግሞ ኤልኤችን የሚያስለቅቀውን ትእዛዝ ይገፋል።

ሰዓትም አለበት። ኤቨሬትና ቻርልስ ሶየር በ1950 እንዳሳዩት፣ መብራቱ በሰዓት በሚበራና በሚጠፋ ክፍል ለሚኖሩ አይጦች በዚያ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከተሰጣቸው እንቁላሉ በዚያ ሌሊት አይወጣም። የሚዘገየው ለጥቂት ሰዓት እንዳይመስላችሁ፤ ድፍን 24 ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሰጥ ግን ምልክቱ አልፏልና ምንም አይቀይርም። ኤስትሮጅኑ በሩን ይከፍታል፣ የሚገፋው ግን የአንጎል ሰዓት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ፒቱታሪ ሆርሞን የምትለቀው እየቆራረጠች መሆኑን ነው። በወንድ አይጥ ላይ የእድገት ሆርሞን በየ3 ሰዓቱ ገደማ ሽቅብ ይወጣና በመሃል ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ በሴቷ ላይ መውጣት መውረዱ ይህን ያህል የሰፋ አይደለም። ከሀይፖታላመስ የሚመጣው ትእዛዝም መቆራረጥ አለበት። ኤልኤችን የሚያስለቅቀው ሆርሞን ሳያቋርጥ ሲሰጥ ፒቱታሪ መጀመሪያ ትነሳና ኋላ ትደነዝዛለች። ሐኪሞች ይህንኑ ተጠቅመው በፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ቴስቶስትሮንን ዝቅ ያደርጋሉ።

በዚህ ምክንያት አንድ የደም ናሙና ብቻ ተይዞ «የአይጡ ሆርሞን ይህን ያህል ነው» ሲባል እጠራጠራለሁ። ስንት ሰዓት ላይ ተወሰደ? ሴቷ በዑደቷ ስንተኛ ቀን ላይ ነበረች? አይጡ ተይዞ ታግሎ ነበር ወይስ ቀድሞ በደም ሥሩ ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ በጸጥታ ነው የተቀዳው? በእጅ መያዝ ብቻውን ኤሲቲኤችን (አድሬናልን የሚቀሰቅሰውን የፒቱታሪ ሆርሞን) እና ፕሮላክቲንን በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነች ኮርቲኮስቴሮኗም ከፍ የሚለው ሊመሽ ሲል ነው፣ በእኛ ግን ኮርቲሶል የሚያይለው ጠዋት ነው።

አይጥ ላይ የታየው ሁሉ ወደ ሰው አይገለበጥም። ሴት አይጥ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቴስቶስትሮን ከተሰጣት፣ አድጋ የኤልኤች ውንጨፋውን ማድረግ አትችልም፤ ወንድ አይጥም በተለመደው ሁኔታ አያደርገውም። በጦጣዎች ላይ ሲሞከር ግን የዘር ፍሬው የወጣ አዋቂ ወንድ ኤስትሮጅን ሲሰጠው ኤልኤቹ ሊወነጨፍ ይችላል። አሉታዊው ግብረ መልስ ከአይጥ እስከ ሰው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ አዎንታዊው ላይ ግን ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ሳይጠይቁ መደምደም አይገባም።