ሲሲፒኤ ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ ቁጭ ብያለሁ። አጠገባችን ዓሣ የሚያጸዳ ልጅ ድንገት ወድቆ መንፈራገጥ ጀመረ። «ክብሪት! ክብሪት አሽቱት!» አለ ሰው ሁሉ። እትዬ ከሰሉን ያያያዙበትን ክብሪት ብድግ አደረጉ። «ይተዉት፣ ምንም አያደርግለትም» አልኳቸው። ቢላዋውን አራቅን፣ በጎኑ አስተኛነው፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከራሱ ሥር ከተቱለት። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቀው። የሚጥል በሽታ ክኒኑን ሦስት ቀን ዘሎ ኖሯል።

እትዬ ክብሪቱን እንደያዙ፣ «ታዲያ ምንም ሳናሸተው ማን አስቆመለት?» አሉኝ።

ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። መልሱ በከፊል አዴኖሲን ነው፤ ርዕሱ ላይ ያለው ሲሲፒኤም ከእሱ የተሠራ ዘመዱ ነው። የአንጎል ሴል ጉልበቱን የሚያገኘው ኤቲፒ ከሚባል ነገር ነው። ኤቲፒ ሲሰባበር አዴኖሲን ይተርፋል፤ ከከሰል አመድ እንደሚተርፈው። የሚጥል በሽታ ሲነሳ ሴሎቹ ያለ ልክ ስለሚነዱ አመዱም ይከመራል። ከዚያ መልሶ እሳቱን ያዳፍነዋል። እንዴት? አዴኖሲን ሴሉ ላይ ኤ1 የተባለ ተቀባይ አለለት። እዚያ ሲቀመጥ ወደ ሴሉ የሚገባው ካልሲየም ይቀንሳል፤ ጎረቤት ሴሎችን የሚቀሰቅሰው ግሉታሜትም እንደ ልብ አይለቀቅም። ፖታሲየም ደግሞ ይወጣል፣ ሴሉም ይረጋል። አብዛኛው መንፈራገጥ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። (5 ደቂቃ ካለፈ ግን ጥበቃ የለም፣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።)

ችግሩ አዴኖሲን ዕድሜው አጭር ነው። ደም ውስጥ 10 ሰከንድ እንኳ አይቆይም። ስለዚህ ኬሚስቶች ቀጠሉለት፦ አንድ ጎኑ ላይ አምስት ካርቦን ያለው ቀለበት፣ ሌላ ቦታ ላይ አንድ ክሎሪን። የወጣው ውህድ 2-ክሎሮ-ኤን6-ሳይክሎፔንቲልአዴኖሲን ነው። ስሙ ምላስ ስለሚያስር ሲሲፒኤ ይሉታል። ቶሎ አይበታተንም፣ ከሌሎቹ የአዴኖሲን ተቀባዮች ይልቅ ኤ1ን መርጦ ይይዛል። እንዲህ ተቀባዩ ላይ ተቀምጦ ሥራ የሚያሠራ ነገር አጎኒስት ይባላል።

ተቀምጦ ሥራ የሚያስፈታም አለ። እጄ ላይ የነበረው ስኒ ውስጥ ነው፤ የዘጌ ቡና። ካፌይን የአዴኖሲንን ወንበር ቀድሞ ይይዝና እሱ ራሱ ምንም አይሠራም። እንቅልፍ የሚያባርረውም ለዚህ ነው።

ሲሲፒኤ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ መንፈራገጥን ያበርዳል። ታዲያ መድኃኒት ቤት ለምን የለም? ኤ1 ልብ ላይም ስላለ ነው። ሐኪሞች ከልክ በላይ የሚመታ ልብን ለማርገብ አዴኖሲንን በደም ሥር የሚሰጡት በዚሁ መንገድ ነው። አጎኒስቱ በመላ ሰውነት ሲሠራጭ የልብ ምት ይቀንሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይጫጫናል። አንጎልን ላረጋጋ ብሎ ልብን ማዳፈን መቼም አያዋጣም። ስለዚህ ሲሲፒኤ እስካሁን የተመራማሪ መሣሪያ ነው። ሌላ መንገድ የሞከሩም አሉ፤ አዴኖሲኑን ከሐር በተሠራ ነገር ውስጥ ከተው አይጦች አንጎል ውስጥ ቀበሩት፣ እዚያው ቀስ እያለ እንዲወጣ። መንፈራገጡን አዘግይቶላቸዋል።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው ቶናውን ቀዱ። «እንካ» አሉኝ፣ «ወንበር ቀማኛህን ጠጣ።»