«የተረፉት ሁሉ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው» ለምትሉ፦ ስለ ዋኮ ከበባ

ባለፈው እሑድ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ወጣት ስለ ዋኮ አነሳ። «የተረፉት ሁሉ በነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው» አለ። ይህን ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ጎንደር ውስጥ ለዓመታት በጥብቅና ስለሠራሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ዋኮ ከተማ አጠገብ የፌዴራል መርማሪዎች ብራንች ዴቪዲያን የተባለ የሃይማኖት ቡድን አማኞችን ግቢ ሊፈትሹ ሄዱ። የጠረጠሩት ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ ነበር። ተኩስ ተነሣ፤ 4 መርማሪዎችና 6 አማኞች ሞቱ። ከበባው 51 ቀን ቆየ። በመጨረሻው ቀን ግቢው ጋየ፤ መሪያቸውን ዴቪድ ኮሬሽን ጨምሮ 76 ሰው አለቀ። ከ20 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ።

«ሁሉም በነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው»። ውሸት ነው። በ1994 ለፍርድ የቀረቡት 11 ናቸው። እዚያ አገር ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው ዳኛው ሳይሆን ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው። እነሱም አሥራ አንዱንም ከነፍስ ግድያና ለመግደል ከማደም ክስ ነፃ አደረጓቸው። ሦስቱ ከሁሉም ክስ ነፃ ወጡ። አምስቱ ዝቅ ባለ የግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። የቀሩት ሦስቱ የተያዙት በመሣሪያ ጉዳይ ነው።

ቅጣቱ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ሕጉ ወንጀል ሲፈጸም መሣሪያ ለተጠቀመ 5 ዓመት፣ መሣሪያው መትረየስ ከሆነ ግን 30 ዓመት ይላል። መትረየስ ነበር ብሎ የወሰነው ዳኛው ራሱ ነው። በግድያው ጥፋተኛ የተባሉት አምስቱ ከግድያው ቅጣት ጋር ተደምሮ 40፣ 40 ዓመት ተከናነቡ። በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይህን ሻረው። የመሣሪያው ዓይነት የክሱ አካል ስለሆነ በእነዚያ 12 ሰዎች ፊት መረጋገጥ አለበት አለ። 40 የነበረው ቅጣት ወደ 15 ወረደ። እንግዲህ «ሁሉም» የሚለው ቃል የት ላይ ይቆማል?

«እሳቱን መንግሥት ለኮሰው» የሚሉም አሉ። በ2000 የወጣው የልዩ መርማሪው ሪፖርት የለኮሱት ከውስጥ የነበሩት ናቸው ብሏል። ግን ከበባውን የመራው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) ንፁሕ አይባልም፤ በዚያ ቀን ጠዋት እሳት ሊያስነሣ የሚችል የአስለቃሽ ጭስ ጥይት መተኮሱን ያመነው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

«ኦክላሆማን ያፈነዱት እነሱ ናቸው»። አይደሉም። በ1995 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ የመንግሥት ሕንፃ አፈንድቶ 168 ሰው የገደለው ቲሞቲ ማክቬይ የእምነቱ አባል አልነበረም።

«ቤተሰቦቻቸው ካሣ ተቀበሉ»። መንግሥትን ካሣ ጠይቀው ከሰው ነበር፤ ግን ተረቱ።

ይህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ በእኛም ሰፈር ስለማየው ነው። አዘዞ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ከሌሎች ጋር በጅምላ ተከሶ ነበር። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንፁሕ ነው ይላል። ጎረቤት ግን አልጠበቀም። አከራያቸው ቤት ልቀቁ አላቸው። ቡና የሚጠራቸው ጠፋ። ልጁ በነፃ ከተሰናበተ በኋላም «የነፍሰ ገዳይ እናት» መባሉ አልቀረላቸውም።

ለደንበኞቼ ሁሉ የምለው አንድ ነው። የውሳኔውን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አውጡ፣ ማኅተሙን አረጋግጡ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። እትዬም አወጡ። ይዘነው የእድሩ ዳኛ ቤት ሄድን። ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረው፣ «እኔም ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት፤ ይቅር በይኝ» አሏቸው።